ቼኩ ዛሬም የሚዳኘው በ1952ቱ ሕግ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«አዲሱ የንግድ ሕግ ወጣ፣ አሮጌው ተሻረ» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የሻረው የ1952ቱን ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጻሕፍት፣ ማለትም ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን ነው። ማጓጓዝና መድንን የያዘው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ እንደ ቼክ ያሉ የሚተላለፉ የንግድ ወረቀቶችንና የባንክ ሥራን የያዘው አራተኛውም መጽሐፍ አልተነኩም። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም የቻለው በአዲሱ ሕግ ነው። ያው ማኅበር ቼክ ሲፈርም ግን የሚገዛው ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሱት የ1952ቱ ሕግ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው በዱቤ ንግድ ላይ ነው። አከፋፋዩ ዕቃውን ይሰጥና ቀኑ ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ተደርጎ የተጻፈ ቼክ ይቀበላል። «ከቀኑ በፊት ባንክ አይሄድም» ብለው በቃል ይስማማሉ። ሕጉ ይህን ስምምነት አያውቀውም። በንግድ ሕጉ ቁጥር 854 መሠረት ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ከተጻፈበት ቀን ቀድሞ ቢቀርብም በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ከሌለ ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ነው፣ ቅጣቱም ሆነ ተብሎ ሲፈጸም እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ወደፊት ለሚከፈል ዕዳ ሕጉ ያዘጋጀው የተስፋ ሰነድን፣ ማለትም ባለዕዳው በዚህ ቀን እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርመውን ወረቀት ነው። የመክፈያ ቀን ይጻፍበታል፣ በጀርባ ፊርማ ይተላለፋል፣ ክርክሩም እንደ ቼኩ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል። ነጋዴው ግን አይነካውም፤ ለምን ቢሉ ወህኒ የለበትምና። ቼኩ የክፍያ ሰነድነቱ ቀርቶ የማስፈራሪያ መያዣ ሆኗል ማለት ነው።

ቼክ የያዘ ሰውም ጊዜውን ይቁጠር። በላዩ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ለባንኩ መቅረብ አለበት (ቁጥር 855)፤ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበ በቼኩ መክሰስ በይርጋ ይታገዳል (ቁጥር 881)። ብዙው ቼክ የሚሞተው «ዛሬ ነገ» እየተባለ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሠረታዊው የሽያጭ ውል ስለሆነ፣ የዕቃ ማስረከቢያውንና ደረሰኙን ያልያዘ ሻጭ ባዶ እጁን ይቀራል። ባንኩ ሲመልሰውም ቀንና ማኅተም ያለበትን የመመለሻ ወረቀት መቀበል ግድ ነው፤ የቃል መልስ ችሎት ፊት አይረባም።

አራተኛው መጽሐፍ ሲሻሻል መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። ተቀባዩ ቼኩን ሲወስድ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ በዋስትና ከያዘው፣ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር እንጂ የወንጀል እንዳይሆን በግልጽ ይጻፍ። ዋስትና ለሚፈልግ ሌላ መንገድ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የሱቅ ዕቃና ተሰብሳቢ ሒሳብ በዋስትና ተይዞ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ሊሰፍር ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤሌክትሮኒክ ሰነድ ነው። በንግድ ወረቀት መብቱ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው፣ ወረቀቱን የያዘ ገንዘቡን ይጠይቃል። የኮምፒውተር ፋይል ግን እልፍ ጊዜ ይቀዳል። ታዲያ ዋናው የቱ ነው? የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. አገሮች እንደ አርአያ እንዲወስዱት ባወጣው ሞዴል ሕግ «ይዞታ» የሚለውን በአንድ ሰው ብቻ በሚደረግ «ቁጥጥር» ተክቶታል፤ እንግሊዝም በ2023 እ.ኤ.አ. የራሷን ሕግ አውጥታለች። የእኛ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዕውቅና ሰጥቷል። ፊርማ ግን ሰነዱን ማን እንደፈረመ እንጂ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አይናገርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የንግድ ሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ