ደቻቱ ከተማ ሳይደርስ ይደወልልን

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ክቡር ከንቲባ፣

የፊታችን ሐምሌ 29 ሌሊት 20 ዓመት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ይዞብን ሄደ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋውን ደግሞ ከቤቱ አፈናቀለ። ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ አሸዋ በሁለት ቤት ብቻ ይርቅ ነበር። ሐምሌን ሳልጠብቅ አሁን የምጽፍልዎ በልጉ ሊገባ ሳምንታት ስለቀሩት ነው፤ ደቻቱ በሚያዝያም እንደሚገድል በ2012 አይተናል።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። እናቴ ባቡር መሰላት፤ «በዚህ ሰዓት የምን ባቡር ነው?» እያለች ተነሳች። ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። ውሃው የገባው ከሽታው በኋላ ነው። አባቴ ሦስታችንን በየተራ አንጠልጥሎ የጎረቤት ግንብ ላይ አወጣን፤ እስኪነጋ እዚያው ተጣብቀን አደርን። ሲነጋ በሬ የሚያህል ድንጋይ መንገዱ መሀል ተጎልቷል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፍራሽ ኒም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ማታ ማታ ሳምቡሳ የምትጠብስልን ሴትዮ የዘይት ብረት ድስቷ ተገኘ፤ እሷ አልተገኘችም። ልጆቿ ከከተማው በታች ወዳለው የሽንሌ ሜዳ ወርደው ለቀናት አሸዋ ሲቆፍሩ ሰነበቱ።

ክቡር ከንቲባ፣ ይህን የማነሳው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ያ ድምፅ እኛ ሰፈር ከመድረሱ በፊት ተራራው ላይ የሰማው ሰው መኖር አለበት ብዬ ስለማምን ነው። የኔ ጥያቄ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ድሬ የቆመችው ከገደል እግር ሥር ነው። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በሐረር መንገድ ትንሽ ሲወጡ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ይህ ገደል ነው ከተማዋን የወለዳት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር መውጣት ስላቃተው እዚህ ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. ቆመ፤ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ባሉ መንገዶቹና በዛፎቹ ጥላ በአንድ በኩል፣ የመጋላ ሰፈር ከነገበያው በሌላው በኩል አደገ፤ መሀላቸው ደቻቱ ቀረ። ባቡሩ መውጣት ያቃተውን ዳገት ዝናቡ በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። ሸንተረሩ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ ስለሳሳ ውሃውን የሚይዘው የለም፤ ከየሸለቆው የወረደው ሁሉ ተሰብስቦ በዚህ አንድ አሸዋ ያልፋል። ለዚህ ነው ደቻቱ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ የሚችለው። ሰማዩ ከዋክብት ሞልቶት እኛ በሙቀቱ ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ ላይ ቤት የዘነበው ይደርሰናል። ደራሽ ውሃ መባሉ በምክንያት ነው።

ዝናቡ ተራራው ላይ ከወረደበት ሰዓት እስከ ከተማው ድረስ ግን ጊዜ አለ። ረጅም አይደለም። ሆኖም አንዲት እናት ልጆቿን ቀስቅሳ ወደ ከፍታ ለማውጣት ያን ያህል ከበቂ በላይ ነው። ላይኛው ሸለቆ ውስጥ የዝናብና የውሃ ከፍታ መለኪያ ይተከል፤ ደንገጎ አካባቢ ከሚኖሩት መካከል ሌሊት ስልክ የሚደውሉ ሰዎች ደመወዝ ተቆርጦላቸው ይመደቡ፤ እታች ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሳይረን ይኑር። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ ዝናብና መብራት መጥፋት አብረው እንደሚመጡ ያውቃሉ። የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል አብረው ይሰለፉ። መልእክቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይተላለፍ፤ ድንጋጤ ላይ ሰው የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው።

ተራራው ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሚዘልቅ አስተዳደርዎ ብቻውን የሚጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ውሃው ወሰን አያውቅም፤ ከላይኞቹ ወረዳዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ግድ ነው። እዚያ እርከን ሲሠራ፣ ክትር ሲከተር፣ ችግኝ ሲጸድቅ የድሬ ሕዝብ ነው የሚድነው፤ ስለዚህ ወጪውን ድሬም ትጋራ። የላይኛው ገበሬ ለኛ ደኅንነት ብሎ ማሳውን በነፃ ይከትርልን ማለት ፍትሕ አይመስለኝም።

ከጎርፉ ወዲህ ዳርና ዳር የተሠራው ግንብ ጠቅሟል፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጎርፍ በመጣ ቁጥር አሸዋና ድንጋይ ትቶ ነው የሚሄድ። ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ ያው ሆኖ ሳለ ያጥራል። በአንጻሩ አሸዋ ጫኞች መኪናቸው በሚደርስበት ቦታ ብቻ ሲቆፍሩ የግንቡና የድልድዩ መሠረት ይራቆታል። አሸዋው ከየት፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚነሳ መሐንዲስ ለክቶ ይወስን፤ ከየዓመቱ በልግ በፊት የግንቡ ከፍታ ከወለሉ ተነስቶ ይለካ። ወለሉን በኮንክሪት እንሸፍነው የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን እባክዎ አይቀበሉት። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጉድጓዱን ከሚመግቡት አንዱ ደግሞ በዚህ አሸዋ የሚሰርገው ጎርፍ ነው።

አሸዋው ላይ ስለሚውሉትና ስለሚያድሩት ሰዎች አንድ ነገር ልበል። በበጋ ደቻቱ መንገዳችን፣ ገበያችን፣ የኳስ ሜዳችን ነው፤ እኔም ኳስ የለመድኩት እዚያው ነው። ቀን መዋላቸውን መከልከል የሚቻል አይመስለኝም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሌሊት ግን፣ በዝናብ ወራት፣ ማንም እዚያ ማደር የለበትም። ይህ በዱላና በግሬደር ከሆነ ሰዉ በማግስቱ ይመለሳል፤ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ነው ወንዝ ውስጥ የሚተኛው። አስቀድሞ መጠለያ ይዘጋጅለት፤ ለነጋዴውም ዕቃውን የሚያሳድርበት መጋዘን ይሰጠው።

በመጨረሻ የምለምንዎ በጀት የማይነካ ነገር ነው። ውሃው በ1998 የደረሰበት ከፍታ በድልድዩ ምሰሶና ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ይሰመር። ልጄ ዘንድሮ 7 ዓመቷ ነው። «የት ደረሰ?» ብላ ስትጠይቀኝ በእጄ አየር ላይ ነው የማሳያት፤ አታምነኝም። የፊታችን ሐምሌ 29 ሌሊት ሳይረኑ ለሙከራ ቢጮህ፣ እጇን ይዤ እስከ መስመሩ ድረስ አብሬያት እሄዳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የደቻቱ ዳር ልጅ