የደብራችንን አሮጌ መብራቶች አይንቀሏቸው

ይድረስ ለከተማችን የመንገድ መብራት ሥራ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በጣና ዳር ባለው ደብራችን ቅጽር ውስጥ አራት አሮጌ የመብራት ምሰሶዎች አሉ። ሰሞኑን ቀይ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እዚህ ከተማ የኖረ ሰው አይጠፋውም።

ይምጡና ይዩዋቸው። እያንዳንዱ ምሰሶ የኤናሜል ቆብ ደፍቷል፤ ከውጭ አረንጓዴ፣ ከውስጥ ነጭ፣ ጫፍ ጫፉ እንደ ድሮ ትሪ የተሸራረፈ። ቆቡ ብርሃኑን ወደ መሬት ይመልሰዋል እንጂ ሰማይ ላይ አይበትነውም። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ስንት ዓይነት መብራት ቀያይራለች፣ አብዛኛው ግን ቆራሌው ጋ ነው የገባው። እነዚህን ያተረፋቸው የቤተ ክርስቲያን አጥር ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። አምፖሎቹ የሜርኩሪ ናቸው። እስኪደምቁ ደቂቃዎች ይፈጃሉ። ማኅሌት መሀል መብራት ብልጭ ድርግም ካለማ በቃ፣ አምፖሉ ካልቀዘቀዘ መልሶ ስለማይበራ ካህናቱ በጧፍ ይቀጥላሉ (ይሄ እንኳ ለእኔ ክፉ አይደለም)። ኤሌክትሪክም ይበላሉ። ኤልኢዲ ይሻላል፣ በዚህ አንጣላም።

ግን አምፖል ለመቀየር ምሰሶ መንቀል ምን አመጣው? ባላስቱ (ለሜርኩሪ አምፖሉ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ዕቃ) ይውጣ፣ ሽቦው ይታደስ፣ ምሰሶው ሰው እንዳይዝ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ይደረግለት፣ ከዚያ ኤልኢዲው እዚያው ቆብ ውስጥ ይግባ። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሁን፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 2700 ኬልቪን ገደማ። ያን ዓይን የሚወጋ ነጭ ፓውዛ ከተከሉብን ግን የጣናን ትንኝ ሁሉ ቅዳሴ ጠራነው ማለት ነው፤ ትንኝ ወደ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ይሳባል።

አንድ አደራ አለኝ። የሚወጡት አምፖሎች እንዳይሰበሩ፣ ከቆሻሻ ጋርም እንዳይጣሉ። ሜርኩሪ ሐይቅ ከገባ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ሳህናችን ነው የሚመጣው። በካርቶን ታሽገው ለብቻ ይቀመጡ።

የሽቦና የቀለም ወጪውን ምእመኑ ያዋጣል፤ ሰበካ ጉባኤውን ያነጋግሩ። ከእርስዎ የምንፈልገው የጽሑፍ ፈቃድ፣ አንድ መሰላል ያለው መኪና እና ኤናሜሉን ሳይሰብር የሚያወርድ ባለሙያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የደብሩ ጎረቤት