«ሠረቀ» «ሰረቀ» እንዳይሆን፦ ለቅኔ መዝገባችን ሰርቨር የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ ማታ ደብረ ማርቆስ ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርተን ጠበቅን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ መጣ፤ ኮምፒውተራችን ግን አልነሳ አለ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ ይላል።

ያ ኮምፒውተር ከአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲወጣ የተሰጠን ነበር። 4 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማኅደረ ትውስታ፣ እና አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ይዞ ሦስት ዓመት አገልግሎናል። የሰጡንን ዛሬም እናመሰግናለን። በውስጡ የነበረው ከጎጃም ቅኔ ቤቶች እየዞርን የሰበሰብነው ቅኔ ነው። ጽሑፉም፣ የየኔታዎቹ ድምፅም፣ ማን መቼ የት እንዳስተማረ የሚናገረው መዝገብም እዚያው ነበር። ሌላ ቦታ ያስቀመጥነው የመጨረሻ ቅጂ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልፎት ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ቀን ሥራ ጠፋ።

ከጠፋው ሁሉ የሚያንገበግበኝ መወድስ ከሚባለው የቅኔ ዓይነት አንድ የኔታ የሰጡን ነው። ከቢቸና ወዲያ በእግር ሄደን ነው የቀዳነው። ከወር በኋላ ተመልሰን የሆነውን ነገርናቸው። አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ያ ቅኔ የዚያን ቀን ነበር» አሉንና ሌላ ሰጡን። ሌላው ያው አይደለም። እንደምታውቁት ቅኔ አይደገምም። ለአንድ በዓል፣ ለአንድ ማሕሌት ይዘረፋል፤ የሚተርፈው ሰሚው በልቡ የያዘው ብቻ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ስመ ጥር ቅኔ ቤቶችን ያወጣ አገር ስንቱን መወድስ እንዲህ እንደሸኘ አስቡት።

ስለዚህ ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው በገመድ ተገናኝቶ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር፣ ልንገዛ ነው፤ ያገለገለ ሰርቨር። ያለን ገንዘብ ግን ለግማሹም አይበቃም። እጃችሁን እንድትዘረጉልን እንለምናችኋለን። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ግን አስቀድሜ በደንብ ልንገራችሁ። የሚያዋጣ ሰው ለምን እንደሚያዋጣ ማወቅ አለበት።

ብዙዎቻችሁ «ክላውድ ለምን አትከራዩም?» ትሉናላችሁ። ክላውድ በኢንተርኔት የሚከራዩት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። ክፍያው በየወሩ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ መዝገቡም ይቋረጣል። ተማሪዎቹ እዚሁ ቤት ውስጥ በገመድ ተገናኝተው እንዲሠሩ እንፈልጋለን።

ሌሎቻችሁ «ካልቀረ ፈጣኑን ግዙ» ትላላችሁ። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። መወድስ ስምንት ቤት ነው። አንዱን ቤት ሃምሳ ፊደል ብንለው 400 ፊደል፣ 1,200 ባይት ይሆናል። አሥር ሺህ መወድስ ብንሰበስብ 12 ሜጋባይት ነው። ስልካችሁ ላይ ያሉ ጥቂት ፎቶዎች ከዚህ ይበልጣሉ። ይህን ለማገላበጥ የቅርብ ጊዜ ፕሮሰሰር አያስፈልግም። የስምንት ወይም የአሥር ዓመት ፕሮሰሰር አያንሰውም። እዚህ ላይ አንድም ብር አናባክንም።

የሚከብደው ድምፁ ነው። አንድ ሰዓት ቅጂ፣ በሲዲ ጥራት በአንድ ቻናል፣ 318 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ጥራቱ ሳይነካ ሲጨመቅ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለእሱ ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ይበቁታል፤ ድምፅ ተከታትሎ ስለሚነበብ አይቸገሩም። ጽሑፉንና መዝገቡን አደራጅቶ የሚይዘው ዳታቤዝ ግን እዚህም እዚያም እየዘለለ ነው የሚያነበው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለውን ዝላይ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ቢችል ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚዞር አካል የሌለው ዲስክ፣ በሺዎች ይችላል። ስለዚህ ለድምፁ ሃርድ ዲስክ፣ ለዳታቤዙ ትንንሽ ኤስኤስዲ ብለን ወስነናል።

አሁን ወደ ራሙ ልምጣ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የቁጥር መዝገብ ውስጥ ሲገቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። የንጉሡ «ሠ» እና የእሳቱ «ሰ» ቁጥር የሚለያየው በአንድ ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ በምትሆን አንዲት ቦታ፣ ብቻ ነው። ዜሮ የነበረች አንዲት ቦታ አንድ ስትሆን «ሠ» «ሰ» ይሆናል። በዛሬው አማርኛ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። በግዕዝ ግን «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ለፀሐይ የሚባል ነው። «ሰረቀ» ሌባ የሚሠራው ነው። አንድ ቢት ብትገለበጥ የወጣው ፀሐይ ሌባ ሆኖ ይቀመጣል። የየኔታው ሰምና ወርቅ በዚያች ፊደል ላይ የቆመ ቢሆንስ? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነብ ተማሪ ስሕተቱ የማሽኑ መሆኑን በምን ያውቃል? የኔታው ተሳሳቱ ነው የሚለው።

ቢት መገለበጥ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ራም እያረጀ ሲሄድ ግን ይብሳል፤ ተራ ራም ደግሞ ሲገለበጥበት ጭራሽ አይታወቀውም። ኢሲሲ የሚባለው ራም ለ64 ቢት መረጃ 8 ቢት ጨምሮ ይይዛል። በእነዚያ 8 ቢቶች እያመሳከረ አንድ ቢት ብትሳሳት ራሱ ያርማታል፤ ሁለት ቢሳሳቱ መሳሳታቸውን ይናገራል። ያገለገሉ ሰርቨሮችና ዎርክስቴሽን የሚባሉ ለከባድ ሥራ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይህ ራም በብዛት አለ። ከአዲስ የቤት ኮምፒውተር ይልቅ ያገለገለ ሰርቨር የመረጥነው ለዚህ ነው። ወገባችንን ጠበቅ አድርገን 32 ጊጋባይት ብንገዛ ዳታቤዙ በሙሉ ራም ላይ ያርፋል።

ፍለጋውም የሚፈጥነው ያኔ ነው። ሰው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ «ፀሐይ»ም እንዲመጣለት እንፈልጋለን። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ቅኔ ሁለት ጊዜ እናስቀምጣለን። አንዱ የኔታው እንዳጻፉት ነው፤ በፍጹም አይነካም። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበት፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ከራሙ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ መብራት ነው። ጥሩ ዳታቤዝ እንደ ጥንቁቅ የእድር ጸሐፊ ነው። መጀመሪያ የመጣውን ነገር ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ ወደ ዋናው መዝገብ የሚገለብጠው በኋላ ነው። ማስታወሻው በእርግጥ ዲስክ ላይ ካረፈ መብራት ቢጠፋም ከዚያ አንሥቶ ይቀጥላል። ችግሩ ርካሽ ኤስኤስዲ ገና በሆዱ ይዞት ሳለ «ጽፌዋለሁ» ማለቱ ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ የተጻፈው ነገር የለም፤ ዳታቤዙ ግን አለ ብሎ ያምናል። ለሰርቨር የተሠሩ ኤስኤስዲዎች ትንንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው። መብራት ሲቋረጥ በሆዳቸው የቀረውን ጽፈው ለመጨረስ የሚበቃ ጉልበት ይይዛሉ። ዋጋቸው ከተራው ከፍ ይላል፤ ያገለገሉትን እየፈለግን ያለነው ለዚህ ነው። ሁለት እንገዛለን፤ አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ ይሠራል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ የወጡ እንዳይሆኑ እንጠነቀቃለን፤ አብረው የተወለዱ ዲስኮች አብረው መሞት ይወዳሉ።

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ የግድ ነው። እስከ ንጋት እንዲያበራልን አይደለም የፈለግነው። አሥር ደቂቃ ይበቃናል። በገመድ ለሰርቨሩ «መብራት ሄዷል» ብሎ ይነግረዋል፤ ሰርቨሩም ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቢቆይ ነው። ስለዚህ የመቀየሪያውን ዋጋ ከአሁኑ ለብቻ እናስቀምጣለን።

ትልቁን የመደርደሪያ ሰርቨር በነጻ እንስጣችሁ ያሉን ወንድሞች አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን መብራት ይበላል፣ ድምፁም እንደ ወፍጮ ነው። የእኛ ክፍል ደግሞ ተማሪዎች የሚቀመጡበት ነው። በዚያ ላይ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ብርዳችን ይህን ያካክስልናል፤ አቧራው ግን አይምርም። ቆሞ የሚቀመጥ፣ ፋኑ ትልቅና ዝግ ያለ፣ ከላይ ተከፍቶ የሚጠረግ ማሽን ይሻለናል።

እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እንኳ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ከሌለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሁለቱ ዲስኮች እንደ መስታወት ቢሠሩም በስሕተት የተሰረዘውን እኩል ይሰርዙታል። ሌባ ወይም እሳት ቢመጣም ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ስለዚህ አንድ ቅጂ በየሌሊቱ በራሱ ጊዜ እዚሁ ከተማ ሌላ ቤት ባለ ዲስክ ላይ ይወጣል። ሌላ ቅጂ በየወሩ በአውቶቡስ የአባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ለሁለቱም ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ያስፈልገናል። በየሦስት ወሩ ከቅጂው ላይ አንሥተን በሌላ ላፕቶፕ እንከፍተዋለን። ባለፈው ጊዜ በየሌሊቱ ቅጂ ስላላወጣን ተጎድተናል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ገንዘብ ያላችሁ የአቅማችሁን ጣል አድርጉ። የመቶ ብር ሰው ብንበዛ ይሻለናል፤ ይህ መዝገብ የአንድ ባለጸጋ ሳይሆን የደቦ ሥራ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር እዚህ አልጻፍኩም። ከሦስት ሱቅ የሰበሰብነውን ፕሮፎርማ ግን ለሚጠይቅ ሁሉ እናሳያለን። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። እያንዳንዱ ደረሰኝ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ዕቃ ሊኖራችሁ ይችላል። ቢሮ ስትቀይሩ የወጣ ኤስኤስዲ፣ ኢሲሲ ራም፣ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስም ቢሆን አምጡልን። ዲስክ ስንት ሰዓት እንደሠራ በውስጡ ይመዘገባል፤ አይተን ካልሆነ እንመልሳለን። ራም ከማምጣታችሁ በፊት ግን ዓይነቱን ንገሩን። ኢሲሲ ሆኖ ሬጅስተርድ የሚባለውና አንባፈርድ የሚባለው በአንድ ማሽን ላይ አብረው አይሠሩም፤ እንዲሁ ተልኮ እንዲባክን አንፈልግም። ግዕዝ በደንብ የምትጽፉ የቅኔ ተማሪዎች ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡን፣ ከተቀዳው ድምፅ ገና ያልተጻፈ ብዙ አለ። የኔታዎቹ ፈቅደው ያስቀዱት ነው፤ ያልፈቀዱትን አንነካም።

ክረምቱ ከነመብረቁ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ ቆሞ ማየት እንፈልጋለን። አጠገባችሁ ላለ የኮሚቴው አባል ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ራም የምትልኩልን ደግሞ በፌስታል አትጠቅልሉት፤ ፌስታል ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ሊያበላሸው ይችላል። አዲስ ዕቃ ሲገዛ የሚመጣበት ያ ብርማ ከረጢት ካላችሁ በእሱ ይሁን።