ቅዳሜ ደርስ (የዲን ትምህርት) አለ እህቶች
አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ የአዲስ ዓለም እህቶቼ፣ ቅዳሜ አስር እንደተሰገደ እንገናኝ፣ ስለ ሺፋእ ቢንት አብደላህ ነው የምናወራው ረዲየላሁ ዐንሃ። መካ ውስጥ ወንዱም ሳይቀር መጻፍ የሚችለው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ፊደል የቆጠረች ሴት ነች፣ ደሞ ነምላ የሚባለውን ጎን ላይ የሚወጣ ሽፍታ (ነምላ ማለት ጉንዳን ነው፣ ሰውነት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ስለሚመስል) በሩቃ (በሽተኛ ላይ በሚቀራ ዱዓ) ታክም ነበር፣ ነቢያችን ሰ.ዐ.ወ ራሳቸው ለባለቤታቸው ለሀፍሷ ጽህፈት እንዳስተማርሻት ይሄንንም አስተምሪያት ብለዋታል። ጽህፈትና ህክምና አንድ ላይ!

ይሄን ሳነብ ባለፈው ከመካከላችን ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው አንዷ እናታችን ትዝ አለችኝ፣ እስክሪብቶውን እንደ ዘነዘና ጨብጣ ወረቀቱ እስኪበሳ ስትጫነው፣ ወላሂ እንባዬ ነው የመጣው። ደብተር የሌላት እኔጋ አለ፣ ልጅ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።