ስለ ምዕራብ አፍሪካ ከምዕራብ አፍሪካ ይጻፍልን

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የባህልና የቴክኖሎጂ ገጾች ስለ ምዕራብ አፍሪካ የሚወጡትን ጽሑፎች ከሚከታተሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ገጾቹ መኖራቸው ያስመሰግናል፤ ቅሬታዬ ጽሑፎቹ የሚመጡበትን መንገድ ይመለከታል። ስለ ሌጎስ፣ ስለ ዳካር ወይም ስለ ኮናክሪ የምናነበው አብዛኛው ነገር ለንደን ወይም ፓሪስ ላይ ተሰናድቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። በስፍራው ሆነው በየጽሑፉ እየተከፈላቸው ከሚሠሩ ፍሪላንስ ጋዜጠኞች በቀጥታ ገዝታችሁ እንድታወጡ ለመጠየቅ ይህን ጻፍኩ።

የምናገረው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። የውጭ ዜና ተርጓሚ ሳለሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፈረንሳይኛ ምንጭ ስለ «ፔል»፣ ከእንግሊዝኛ ምንጭ ደግሞ ስለ «ፉላኒ» ሁለት ዘገባዎች ተርጉሜ፣ ሁለቱን ጎረቤት ሕዝቦች አስመስዬ አቀረብኋቸው። በብዙ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የሚኖሩ አንድ ሕዝብ ናቸው። የመጀመሪያው ስም ከወሎፍ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ሁለተኛው ከሐውሳ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ፉልቤ ብለው ነው። ያረመኝ ሰው አልነበረም፤ ከጸሐፊው እስከ እኔ ድረስ በመካከል ካለነው ሰዎች ስሙን ከባለቤቶቹ አፍ የሰማ አንድም አልነበረምና።

የዚሁ ሕዝብ ፊደል የሚዘገብበትን መንገድ ደግሞ እንመልከት (ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በ1989 ገደማ፣ በጊኒዋ ንዜሬኮሬ ከተማ፣ ኢብራሂማና አብዱላይ ባሪ የተባሉ የ14 እና የ10 ዓመት ወንድማማቾች ለቋንቋቸው አድላም የተባለውን ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በእጅ በተገለበጡ መጻሕፍት ከሰው ወደ ሰው ተሻግሮ በ2016 በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት እንዲያሳዩ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደንብ) ውስጥ ቦታ አገኘ። ከሩቅ የሚጻፉ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ በልጆቹ ተአምር ጀምረው በፊደሉ በሚላክ የስልክ መልእክት ይጨርሳሉ። ተአምሩን አልክድም። ይሁን እንጂ ፉልቤ ቋንቋቸውን ለዘመናት በዐረብ ፊደል ይጽፉት እንደነበር፣ በ1966 ባማኮ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ስብሰባ የላቲን አጻጻፍ ደንብ እንደወጣለት፣ ከዚያም በፊት በ1949 የጊኒው ተወላጅ ሶሎማና ካንቴ በምዕራብ አፍሪካ ለሚነገሩት የማንዲንግ ቋንቋዎች ንኮ የተባለውን ፊደል እንደፈጠረ ካልተነገረ፣ አድላም ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል፦ አንድ የፉልቤ ወላጅ ልጁን ከሦስቱ አጻጻፎች (ከዐረቡ፣ ከላቲኑና ከአድላም) በየትኛው ያስተምር? ምርጫውስ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ መንግሥቱና ስለ ማንነቱ ምን ይናገራል? የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖበት የተበሳጨ የአማርኛ አንባቢ ይህን ጥያቄ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፓሪስ አዘጋጅ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ አይጽፍም።

በሌላ በኩል፣ የውጭ ዘጋቢ መግቢያ እየጠበበ ነው። ማሊ በ2022 ሁለት የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ማሠራጫዎችን አገደች፤ ቡርኪና ፋሶ በ2023 ለ ሞንድና ሊቤራሲዮን የተባሉትን የፈረንሳይ ጋዜጦች ዘጋቢዎች አስወጣች። ጊኒ ደግሞ በ2024 የገዛ አገሯን አንዳንድ የግል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፈቃድ ነጠቀች። በዚህ መካከል ለትልልቅ የውጭ ሕትመቶች መንገድ የሚመራው፣ የሚያስተረጉመው፣ ቀጠሮ የሚይዘው የአገሬው ጋዜጠኛ ነው፤ ስሙ ከወጣም በጽሑፉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይወጣል። ራሱ በስሙ ሲጽፍ ደግሞ ታክሲውንና ኢንተርኔቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ ክፍያውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ነው። በአማርኛ «ነፃ ጋዜጠኛ» ስንለው በነፃ የሚሠራ እንዳይመስለን እሰጋለሁ፤ ስለዚህም «ፍሪላንስ» የሚለውን የባዕድ ቃል መርጫለሁ።

የውጭ ምንዛሪ ችግር እንዳለባችሁ አላጣሁትም። ቢሆንም በወር አንድ ጽሑፍ መግዛት ለአንድ ጋዜጣ የሚከብድ አይመስለኝም። እሱም ካልሆነ፣ ከአክራ ወይም ከዳካር ሕትመት ጋር ተስማምቶ የእናንተን ጸሐፊ ሥራ እነርሱ፣ የእነርሱን እናንተ እያወጣችሁ እያንዳንዳችሁ ለየአገራችሁ ጸሐፊ በየገንዘባችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጸሐፊው ሲመረጥ ግን ርእሱንም እርሱ ያቅርብ፤ እዚህ ያሰብነውን እንዲሞላልን ብቻ ከታዘዘ ያው የድሮው መንገድ ነው።

ሐሳቡን ከተቀበላችሁት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጽሑፎች ከፈረንሳይኛ እኔ እተረጉማለሁ። ለእኔ ክፍያ አያስፈልግም፤ የጸሐፊው ግን ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት እንዲላክለት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ተርጓሚ
አዲስ አበባ