ሳይመረመር «ጥሩ ነው» ስለተባለው አዲስ ቤታችን የቀረበ ቅሬታ

ለቤት ፍተሻ አገልግሎት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የአዲሱ ቤታችን ፍተሻ እንዲደገምና ሪፖርቱ እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔና ባለቤቴ አዲስ የተሠራ ቤት ከመረከባችን በፊት ጉድለቱን መርምራችሁ እንድትነግሩን ከድርጅታችሁ ጋር ውል ተፈራርመን ክፍያውን በሙሉ መፈጸማችን ይታወቃል። ባለሙያችሁ በቀጠሮው ቀን መጥተው ቤቱን ዞረው አዩ። በኋላ የላካችሁልን ሪፖርትም ቤቱ ከጥቂት የቀለም እንከኖች በስተቀር «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለን። ይህንን አምነን የርክክብ ሰነዱን ፈረምን፤ ገባንም።

አዲስ ቤት ጉድለት እንደማያጣው እናውቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን እናንተን የቀጠርነውም ለዚሁ ነው። አንዳንድ ጉድለት ከባለሙያ ዓይን ሊያመልጥ እንደሚችልም አይጠፋንም፤ በዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ቅሬታዬ ሪፖርታችሁ ጨርሶ ያልተመረመረውን ነገር «ተሞክሯል»፣ «ትክክል ነው» ብሎ በመመዝገቡ ላይ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ልጀምር፤ ከሁሉም ያስደነገጠን እርሱ ነውና። ፍተሻው በተካሄደበት ቀን ቤቱ ውስጥ ኃይል አልነበረም። ቆጣሪው የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያችሁም ጨለማ የሆኑትን ክፍሎች ያዩት በእጅ ስልካቸው መብራት ነበር። ሪፖርቱ ግን ሶኬቶቹ «ይሠራሉ»፣ የመሬት መስመሩ (ያፈተለከ ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) «ተሞክሯል»፣ አደጋ ሲኖር ኃይል የሚያቋርጡት ብሬከሮችም «በአግባቡ ይቆርጣሉ» ይላል። ኃይል በሌለበት ቤት ብሬከር መቁረጡ በምን ታወቀ? የመሬት ሽቦው ከሶኬቱ ጋር መገናኘቱን እንኳ ያለ ኃይል በመለኪያ ማረጋገጥ ይቻል ነበር፤ ባለሙያችሁ ግን መለኪያ አልያዙም።

ከገባን በኋላ ያስመጣነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የወጥ ቤቱን ሶኬት ፈትቶ ሲያሳየን፣ የመሬት ሽቦው፣ ማለትም አረንጓዴና ቢጫው፣ ተጠቅልሎ ግድግዳው ውስጥ ባለው ሳጥን ታች ተወሽቋል። ጫፉ እንኳ አልተላጠም። በአጠገቡ ያለውም ሶኬት እንዲሁ ነበር። ሠራተኛው እንዳስረዳን፣ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ የሚገጠመው የ30 ሚሊአምፔር ብሬከር የመሞከሪያ ቁልፉ ሲጫን መቁረጡ የመሬት ሽቦ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው። የመሬት ሽቦ በሌለበት፣ በምድጃ ወይም በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለ ሽቦ ልባሱ ተገፎ ብረቱን ቢነካ፣ ኃይሉ መውጫ የሚያገኘው መጀመሪያ በነካው ሰው አካል በኩል ነው። ትንንሽ ልጆች አሉን። ይህን እያሰብኩ «ተሞክሯል» የሚለውን ቃል ሳነብ የሚሰማኝን ቁጣ መደበቅ አልችልም።

የመታጠቢያ ክፍሉም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ሪፖርታችሁ የሻወሩ ወለል ተዳፋት «ትክክል ነው» ይላል። ውሃው ግን ማፍሰሻውን ትቶ ወደ በሩ ይመጣል፤ ከታጠብን ከብዙ ሰዓት በኋላም ከማፍሰሻው ትይዩ ባለው ጥግ ተኝቶ ይገኛል። የሻወር ወለል በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው ዝቅ ማለት እንዳለበት በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ለማረጋገጥ ውሃ ልክ ማስቀመጥ፣ እርሱ ከሌለ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ይበቃ ነበር። ባለሙያችሁ ቧንቧውን አልከፈቱም።

በዚያው ጥግ ያሉትን ሴራሚኮች በካቻቪቴ እጀታ ስናንኳኳቸው ከሌሎቹ የተለየ ባዶ ድምፅ ሰጡ። ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ በሙሉ እንዳልያዛቸው ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ከግድግዳው ወዲያ፣ በመኝታ ክፍሉ በኩል፣ ከዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ከተለጠፈው ጠርዝ) በላይ ያለው ቀለም ማበጥና መላላጥ ጀምሯል፤ በጣት ሲነካ ነጭ፣ ጨው መሰል ብናኝ ይወጣዋል። ውሃ በልስኑ ውስጥ እያለፈ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት ነው። የወለሉን ውሃ መከላከያ ሽፋን ለመፈተሽ ማፍሰሻውን ዘግቶ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሞልቶ፣ ከፍታውን ምልክት አድርጎ ለ24 ሰዓት መተው የታወቀ ዘዴ ነው። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ከተነጠፈ በኋላም ግን ይቻላል። ጊዜ ስለሚወስድ በውላችን ውስጥ ከሌለ «አልተደረገም» ተብሎ መጻፍ ነበረበት። የእናንተ ሪፖርት ግን «የውኃ መከላከያ፦ ጥሩ» ብሎ አለፈው።

ጣሪያውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ባለሙያው መሰላል አልያዙም፣ አልወጡም፣ አሸንዳውን ያዩት ከግቢው ቆመው ነው። እርሱም «ጥሩ» ተብሏል።

ከሳሎኑ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ ወደ ላይ የሚሄደው ስንጥቅ ግን ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ሪፖርቱ «የልስን ስንጥቅ፣ አያሳስብም» ይለዋል። ምናልባት እውነት የልስን ብቻ ይሆናል፤ ልስን ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ መሠረቱ በመቀመጡ ወይም ከመስኮቱ በላይ ያለው አግዳሚ በመድከሙም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ስፋቱን መለካት፣ በሁለቱ ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፣ ከጊዜ በኋላም ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱም አልተደረገም። አሁን እኔ ራሴ ምልክት አድርጌ እየተከታተልኩት ነው።

በሪፖርቱ ውስጥ «የደረጃው መደገፊያ ጠንካራ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገርም አለ። ቤታችን ምድር ላይ ያረፈ ባለ አንድ ወለል ነው፤ ደረጃ የለውም። ከዚህ በኋላ የትኛው መስመር ስለ እኛ ቤት፣ የትኛው ስለ ሌላ ሰው ቤት እንደተጻፈ በምን እናውቃለን?

ሌላም የምለው አለ። በፍተሻው ቀን ባለሙያችሁን ከክፍል ክፍል እየመሩ በሮቹን ይከፍቱ የነበሩት የገንቢው ድርጅት ፎርማን ናቸው። እኔ የመታጠቢያ ክፍሉን ሳነሣ «እርሱን እኛ ሞክረነዋል» ብለው የመለሱልኝም እርሳቸው ነበሩ፤ ባለሙያችሁም ይህን ተቀብለው ጻፉ። የገዥ መርማሪ የሻጩን ቃል መዝግቦ የሚሄድ ከሆነ ለገዥው ምን ይረባዋል?

ጉዳቱ ደግሞ በዚህ አላበቃም። ጉድለቶቹን ለገንቢው ባመለከትን ጊዜ የተሰጠን መልስ «የራሳችሁ መርማሪ ጥሩ ነው ብሎ ፈርሟል፤ ይህ ከገባችሁ በኋላ የደረሰ ነው» የሚል ነው። ለእኛ መከራከሪያ ይሆናል ብለን የከፈልንበት ወረቀት መከራከሪያነቱ ለእርሱ ሆነ። በግዢ ውላችን ገንቢው ጉድለቶችን በነፃ የሚያስተካክልበት የአንድ ዓመት ጊዜ ከርክክቡ ዕለት ጀምሮ እየተቆጠረ ነው፤ እያንዳንዱ የሚባክን ሳምንት ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ለደንበኞች አገልግሎታችሁ ስደውል የተነገረኝ ውሉ «በዓይን የሚታየውን ብቻ» እንደሚመለከት ነው። ይህን እቀበላለሁ። እንግዲያው በዓይን የማይታየውን የመሬት ሽቦ «ተሞክሯል» ያለው ማን ነው? ያልታየ ነገር «አልታየም»፣ መድረስ ያልተቻለበት «አልተደረሰበትም» ቢባል ኖሮ፣ ኃይል እስኪገባ ርክክቡን እናዘገየው ወይም ሌላ ባለሙያ እንጠራ ነበር። ያ ዕድል ነው የተወሰደብን።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ባለሙያ የተለየ መርማሪ በመለኪያ መሣሪያዎችና በመሰላል ተሟልቶ፣ ኃይልና ውሃ ባለበት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቤቱን እንደገና እንዲመረምር እጠይቃለሁ። አዲሱ ሪፖርት እያንዳንዱ ነገር በምን ዘዴ እንደተፈተሸ፣ ምን እንደተለካና ምን እንዳልታየ በግልጽ ይጻፍ። የቀድሞው ሪፖርት ስህተት መሆኑንም በፊርማና በማኅተም ለገንቢው አሳውቁ፤ ይህ ከሁሉ በላይ አጣዳፊው ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ ይህን የማትፈጽሙ ከሆነ የከፈልነው ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልንና ለሌላ መርማሪ የምናወጣውን ወጪ እንድትሸፍኑ በሕግ ለመጠየቅ እንገደዳለን።

የተፈታውን ሶኬት፣ የሻወሩን ወለል፣ ያበጠውን ግድግዳና ቀን የተጻፈበትን ስንጥቅ ፎቶግራፎች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የጽሑፍ ማብራሪያና የሪፖርታችሁን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሁለቱን ሶኬቶች ኃይላቸውን አቋርጠን እንደተገኙ ትተናቸዋል፤ መርማሪያችሁ መጥቶ እስኪያያቸው ድረስ አናስነካቸውም። በሥራ ቀናት ከቀትር በኋላ ከሁለታችን አንዳችን ቤት እንገኛለን።

ከሠላምታ ጋር

የቤቱ ባለቤትና ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለቤቱ ገንቢ ድርጅት