የመጨረሻው ዓመት ወጪ ቀድሞ ይነገረን

ለአዘጋጁ፣

ልጅ ሃይስኩል የሚጨርስበት ዓመት ስለሚያመጣው ወጪ ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤ ነው የምፅፈው። ወላጅ ቀድሞ ይቆጥብ ይላል፣ ጥሩ፣ ግን ስንት እንደሚመጣበት ሳያውቅ እንዴት አርጎ? እኛ ቤት የትምህርት ቤት ክፍያውን ጨርሰን ተገላገልን ስንል የፈተና ምዝገባ መጣ፣ ቀጥሎ ቱቶሪያል፣ ከዛ ጋውን፣ ፎቶ፣ ቲሸርት፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ... ለየብቻው ሲታይ ሁሉም ትንሽ ነው ግን መጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ላይ ተደራርቦ ስለሚመጣ ሰውን ብድር ውስጥ የሚከተው መደራረቡ ነው። አንዷን የክፍያ ወረቀት እንደውም የልጄ ቦርሳ ስር ተጨማዳ ያገኘኋት ቀኑ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ሌላው፣ ልጁን ከሂሳቡ ማራቃችን ነው። ልጄን አስቀምጬ ያለን ይሄ ነው ስለው የፎቶ አልበሙን በራሱ ፈቃድ ተወው፣ ጋውኑንም አምና ከተመረቀ ዘመዱ ተዋሰ (እኔ ብከለክለው ሳምንት ያኮርፍ ነበር)።

ስለዚህ ት/ቤቶች ዓመቱ ሲጀመር ግዴታ የሆነውንና በፍላጎት የሚከፈለውን ለይተው ከነመክፈያ ቀኑ በአንድ ገፅ ለወላጅ ይስጡ፣ ወላጅም ድምሩን ለ10 ወር አካፍሎ በየወሩ ያስቀምጥ።

አንድ ወላጅ